ስለ ከተማ መታደስና ስለ ነዋሪው ቃል

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ ስትመሠረት አስቀድሞ በተሠመረ ካርታ ላይ የተተከለች ከተማ አልነበረችም፤ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ እያንዳንዳቸው በተመሩት ጉብታ ላይ ድንኳናቸውን ሲተክሉ፣ በዙሪያቸውም ወታደሩና አሽከሩ፣ አንጥረኛውና ጠጅ ጣዩ፣ ካህኑና ነጋዴው ጎጆ ሲቀልሱ፣ ሰፈር ከሰፈር እየተያያዘ፣ ደብር ከደብር እየተያየ ያደገች ናት። ከዚህም የተነሣ ድኻና ባለጸጋ አጥር ለአጥር ተጎራብተው የኖሩባት፣ የጭቃ ግድግዳዋ በጭቃ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አንዱ ቢነቀል ሌላው የሚያዘነብል እስኪመስል ድረስ የተጨናነቀችው ይህች ከተማ፣ በዘመናችን ከልደታ እስከ ፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ድረስ፣ እየፈረሰች እንደገና ወደ ላይ ትሠራለች። በዚህም ጊዜ ለመሐንዲስና ለገንዘብ ዐዋቂ ብቻ የማይተው፣ የኅሊናና የሃይማኖት ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም በሚፈርሰው ሰፈር የሚኖረው ሰው ስለ ሰፈሩ የወደፊት ዕድል ቃሉን መስጠቱ ከባለሥልጣን የሚቸረው ቸርነት ነው ወይስ ሰው በመሆኑ ብቻ የሚገባው ፍትሕ ነው የሚለው ነው። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ። ነገር ግን በዚህ እምነት ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ብርቱ ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ ያንን ተቃውሞ ሳላሳንስ ላቅርብ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት በሆነ ጊዜ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ለዚያን ዘመን ድኻ ተከራይ ታላቅ እፎይታ የሆነው ይህ ነገር ውሎ አድሮ ሌላ ችግር ወለደ፤ የሚሰበሰበው ኪራይ ቤቱን ለማደስ የማይበቃ፣ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ልቡ የማይደፍር በመሆኑ፣ ቆርቆሮው እየዛገ፣ ማገሩ በምስጥ እየተበላ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ እየሆነ፣ የከተማይቱ እምብርት በነዋሪዎቿ ላይ አረጀባቸው። በሌላ ወገን ደግሞ ቤት ፈላጊው ከዓመት ዓመት እየበዛ ሄደ፤ የኮንዶሚኒየም ሥራ ተጀምሮ በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲደረግ ከአራት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛ ምዝገባም 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች የተመዝጋቢው ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ከእነዚህ ተመዝጋቢዎች መካከል አከራይ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ከሰፈር ሰፈር የሚንከራተት፣ ከደመወዙ እየቀነሰ በየወሩ ባንክ የሚያስገባ፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሙን በጋዜጣ ላይ ፈልጎ አጥቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፤ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ የጠበቀም አለ። ስለዚህ አንዲት የጭቃ ቤት እንኳ አትነካ ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ሳያስበው፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ በደጅ ቁም ማለቱ ነው። መሬቱ አይሰፋም፤ ከተማይቱ ወደ ላይ መሠራት አለባት፤ ይህን መካድ ለድኻ መቆርቆር አይደለም።

እንግዲህ ችግሩ ይህን ያህል ከከበደ፣ ቤት የሌለው ሰው እየጠበቀ ቤት ያለውን ለምክር መጥራት ጊዜ ማባከን አይሆንምን? ለዚህ ጥያቄ በኦሪት ዘፍጥረት በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ የተጻፈው ታሪክ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣል። ሰዶምና ገሞራ ሊጠፉ በቀረቡበት ሰዓት፣ መካር የማያሻው፣ ከዕውቀቱ የተሰወረ አንዳች ነገር የሌለው አምላክ፣ ሊያደርግ ያሰበውን ከወዳጁ ከአብርሃም ይሰውር ዘንድ አልወደደም፤ ወደ እርሱ የደረሰው ጩኸት እውነት መሆኑን ያይ ዘንድ እንደሚወርድም ተናገረ። አብርሃምም ከኀምሳ ጻድቃን ተነሥቶ፣ ወደ አርባ አምስት፣ ወደ አርባ፣ ወደ ሠላሳ፣ ወደ ሃያ፣ በመጨረሻም ወደ ዐሥር እየወረደ ሲከራከር፣ ፈጣሪው አንድም ጊዜ ዝም በል አላለውም። ከተሞቹ አልተረፉም፤ በሰዶም የሚኖረው የወንድሙ ልጅ ሎጥ ግን ስለ አብርሃም ሲባል ከጥፋቱ መካከል ወጣ። ሁሉን የሚያውቅ ዳኛ ሳይወርድና ሳይሰማ ካልፈረደ፣ ከፊሉን ብቻ የሚያውቅ፣ ያንንም ከወረቀት ላይ ያነበበ ሰው፣ ሳይወርድና ሳይሰማ ለመፍረድ ከየት ያገኘው ድፍረት ነው? እርግጥ አብርሃም የሰዶም ነዋሪ አልነበረም፤ የተከራከረው ስለ ሌሎች ነው። ስለ ነዋሪው የራሱ ቃል የሚመሰክር ሌላ ታሪክ ያስፈልገናል፤ እርሱም በኦሪት ዘኍልቍ ይገኛል።

ምድረ ርስት ለነገደ እስራኤል በስምና በቁጥር ሊከፈል ሕዝቡ በተቈጠረ ጊዜ፣ ወንድ ልጅ ሳይወልድ የሞተው የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች፣ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ፣ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው፣ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የአባታችን ስም ከወገኑ መካከል ስለ ምን ይጠፋል ብለው አቤቱታቸውን አቀረቡ። በመዝገቡ ሥርዓት መሠረት እነርሱ አይቈጠሩም፤ በክፍፍሉ ሕግ ውስጥ ስማቸው የለም። ሙሴ ግን መዝገቡን አሳይቶ አልመለሳቸውም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም እነዚህ ሴቶች እውነት እንደ ተናገሩ መስክሮ፣ ርስት እንዲሰጣቸው አዘዘ፤ የእነርሱም ጥያቄ ለመላው እስራኤል የውርስ ሥርዓት ሆነ። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የተናጋሪዎቹ ማንነት ነው። ሕጉ ጎደሎ መሆኑን ያወቁት ካህናቱና አለቆቹ አልነበሩም፤ ጉድለቱ በራሳቸው ላይ የደረሰባቸው፣ ሥርዓቱ ሲደነገግ ያልታሰቡት ሴቶች ናቸው። ሙሴን የሚያህል ነቢይ ያልታየውን እነርሱ አዩት፤ ያዩትም ከሙሴ በላይ ዐዋቂ ስለ ነበሩ አይደለም፤ የቆሙበት ስፍራ እርሱ ያልቆመበት በመሆኑ ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አይፈጸምም፤ ብዙ ሰባክያን የሚያልፉት ሁለተኛ ክፍል አለው። በዚያው መጽሐፍ በመጨረሻው ምዕራፍ የነገዳቸው አለቆች ተነሥተው፣ እነዚህ ሴቶች ወደ ሌላ ነገድ ቢያገቡ ርስቱ አብሯቸው ይሄዳል፣ የእኛም ድርሻ ይጎድላል ሲሉ በተራቸው ጮኹ፤ የእነርሱም ቃል ልክ ነው ተባለ፤ ሴቶቹ ርስታቸውን እንደ ያዙ በአባታቸው ነገድ ውስጥ እንዲያገቡ ተወሰነ። እንግዲህ የመጀመሪያው ድምፅ መሰማቱ ሁለተኛውን ድምፅ አላፈነውም፤ ሁለተኛውም መሰማቱ የመጀመሪያውን ፍርድ አልሻረውም። የሰፈሩ ነዋሪ አቤት ሲል፣ በደጅ ያለው ቤት ፈላጊም አቤት ሲል፣ የሁለቱን ቃል አንድ ላይ ይዞ የሚያስታርቅ ፍርድ መፈለግ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

በዚህ ነገር የሚከራከሩ ሰዎች ዘወትር የሚጠቅሱት ግን የናቡቴን ታሪክ ነው። ንጉሡ አክዓብ በኢይዝራኤል ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ የነበረውን የናቡቴን ወይን ቦታ ፈልጎ፣ ከእርሱ የሚሻል ሌላ ወይን ወይም የዋጋውን ብር እሰጥሃለሁ አለው፤ በዛሬው አነጋገር ምትክ ቦታ ወይም ካሳ ማለት ነው። ናቡቴም የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ፤ ስለዚህም በንጉሡ ሚስት በኤልዛቤል ተንኰል፣ በሐሰት ምስክር ተከሶ ተወገረ። ከዚህ ታሪክ መማር የሚገባን አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ ካሳ መስጠት መጠየቅን አይተካም፤ የአክዓብ ዋጋ ትክክለኛ ነበረ፣ እንዲያውም ለጋስ ነበረ፣ ኃጢአቱ ግን ከናቡቴ እንቢታ በኋላ የሆነው ነው። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ በሚፈርሰው አጥር ሁሉ ላይ መለጠፍ አግባብ አይመስለኝም። አክዓብ ቦታውን የፈለገው አትክልት ሊተክልበት ነው፤ ከተማይቱ የምትፈልገው መጠለያ ለሌለው ሰው መጠለያ ለመሥራት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ቦታ የያዘ ሰው ሁሉ ናቡቴ ነኝ ቢል፣ ቦታ ያልያዘው ሰው በምድር ላይ የሚያርፍበት አይኖረውም። ስለዚህ የነዋሪው ቃል የመከልከል ሥልጣን ነው አልልም። ሊደመጥ፣ ሊመዘንና ውሳኔውን ሊለውጥ የሚችል ቃል መሆን አለበት እላለሁ፤ ውሳኔው ካለቀለት በኋላ የሚጠየቅ ሰው ግን ተነግሮታል እንጂ ተጠይቋል አይባልም።

በእስልምናም ዘንድ መመካከር፣ ሹራ የሚባለው፣ የምእመናን ጠባይ ሆኖ ይቈጠራል፤ በቁርኣንም አንድ ምዕራፍ በዚሁ ስም ይጠራል። በአገራችንም ባላጋራ ከባላጋራው ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ፣ በላ ልበልሃ እየተባባለ፣ መንገደኛው እንኳ ቆሞ ፍርዱን እየሰማ ይሟገት የነበረበት ሥርዓት ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ሳይጠየቁ መፈረድ ነውር መሆኑን ሕዝባችን ከውጭ አገር መጽሐፍ የተማረው አይደለም።

አሁን ደግሞ ከመጻሕፍት ወደ ሰፈሩ እንውረድ። ነዋሪው የሚያውቀው፣ ዐቃጁ የማያውቀው ምንድን ነው? አንዲት አዛውንት እናት በሚፈርስ ሰፈር በተደረገ ስብሰባ ላይ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሥተው፣ የሰጣችሁን ቤት አራተኛ ፎቅ ነው አላችሁ፤ ሰው ሲሞት ሬሳው በዚያ ደረጃ እንዴት ይወርዳል፣ ለቀስተኛውስ የት ይቀመጣል ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። በአዳራሹ ውስጥ አንዳንድ ወጣቶች ፈገግ አሉ፤ ሴትዮዋ ግን አልቀለዱም። እድር ማለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ብረት ምጣድ፣ በማለዳ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው፣ ይህን ሁሉ የሚያኖር ዕቃ ቤት፣ ድንኳኑም የሚተከልበት ሜዳ ነው፤ ያለ ስፍራ አይቆምም። በደረጃ መወጣጫው ላይ ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም፤ አሳንሰር በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ከቤቱ የሚወጣው ለሕክምና ወይም ለቀብር ብቻ ይሆናል። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ መገልገያ ቤት እንዲሠራ መታሰቡ መልካም ነበረ፤ የሕዝቡን ኑሮ ያየ ሰው እንዳቀደው ያስታውቃል። ነገር ግን ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቍልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ለጾም ፍቺ ዋዜማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲፈልገው ተራው እንዴት እንደሚያዝ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቁት ምጣድ የሚያሰሙት ሴቶች ናቸው፤ እነርሱም ባልተጠየቁበት ስፍራ የጋራ ቤቱ ለሌላ አገልግሎት ውሎ ታይቷል።

ከዚህም በላይ የኑሮ መተዳደሪያ አለ። በከተማው መካከል የሚኖር ድኻ ቤቱ መተኛው ብቻ አይደለም፤ እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥበት፣ ጠላ የሚጠምቅበት፣ በራፉ ላይ ጉልት የሚዘረጋበት፣ ልጁን ለጎረቤት ትቶ በአቅራቢያው ቀን ሥራ የሚሄድበት ነው። ይህ ሰው ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወይም ወደ ኮዬ ፈጬ ሲላክ፣ ከቀድሞው የጸዳ ግድግዳና የራሱ መጸዳጃ ቤት ያገኛል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብዙዎችም ያመሰግኑበታል። ደንበኛው፣ ጎረቤቱና ደብሩ ግን አብረውት አልተጫኑም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ሕዝብ፣ ጎረቤት በመኪና ተሳፍሮ የሚጎበኝ ሲሆን ምን እንደ ጎደለበት ለማስረዳት የቁጥር ሰንጠረዥ አያስፈልገውም። አንዳንዶች የቀድሞ እድራቸውን ላለመተው ሁለት ታክሲ እየቀያየሩ ለቅሶ ይደርሳሉ።

ሕጉ ይህን ጉዳት ጨርሶ አላየውም ለማለት አይቻልም። ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል፤ በአንቀጽ 44ም መንግሥት በሚያካሂደው ሥራ ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም በቂ ድጋፍ ያለው ሌላ ማቋቋሚያ እንዲያገኙ ደንግጓል። የ1997ቱ የካሳ ዐዋጅ ቁጥር 455 ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ ካሳ ተናግሮ ስለ ምክክር ዝም ያለ ሲሆን፣ በእርሱ እግር የተተካው ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲታወጅ ግን፣ ባለይዞታዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ሥራው ዓይነትና ጥቅም እንዲመከሩ፣ በመልሶ ማልማት ቦታም ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ እንዲኖራቸው፣ ለተቋረጠው ማኅበራዊ ትስስርም ካሳ እንዲከፈላቸው ደነገገ። ሕግ አውጪው የጉርብትናን መፍረስ እንደ ጉዳት መቍጠሩ፣ በእኔ አስተያየት፣ በከተማችን የሕግ ታሪክ ውስጥ ታላቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም የዐዋጁ ድንጋጌ በአብዛኛው የተጻፈው ስለ ባለይዞታ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ባለይዞታ አይባልም። ከእርሱም ዝቅ ብሎ በዚያው ቤት በአንድ መጋረጃ ተከልሎ የሚኖረው ደባል፣ በግቢው ጥግ የሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ ልጆች ያሳደገው፣ ስሙ በወረዳው መዝገብ የማይገኘው ሰው አለ። እርሱ የዘመናችን የሰለጰዓድ ልጅ ነው፤ ሥርዓቱ ሲደነገግ አልታሰበም። ቤቱ ሲፈርስ ባለመዝገቡ ወደ ምትክ ቤቱ ሲሄድ፣ ደባሉ ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ሌላ የሚፈርስ ሰፈር ይሄዳል። ስብሰባ ሲጠራም ጥሪው በቤት ቍጥር ስለሚደርስ፣ ቁጥር ለሌለው አይደርሰውም። ለተጠሩትም ቢሆን፣ ካርታው ተቀልሞ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ መድረኩ የሚናገረው ለሁለት ሰዓት፣ ሕዝቡ የሚናገረው ለግማሽ ሰዓት ከሆነ፣ በመግቢያው በር ላይ የተፈረመው የስም ዝርዝር በኋላ የስምምነት ፊርማ ሆኖ ከተቈጠረ፣ ያ ስብሰባ ከዝምታ ይከፋል፤ ዝም የተባለ ሰው ቢያንስ ቃሉ አልተወሰደበትም።

ወደ ጀመርኩት ተቃውሞ ልመለስ፤ ምክንያቱም የነዋሪውን ቃል የምናከብር ሰዎች ዘወትር የምንዘነጋው ጎረቤት አለ። በስብሰባው አዳራሽ የሚገኙት ቤት ያላቸው ናቸው፤ ቤቱ ቢሠራ ሊገቡበት የሚችሉት ግን ማን እንደ ሆኑ ገና አልታወቁም፤ ዕጣው ሲወጣ ነው የሚታወቁት። እነርሱ አዳራሹ ውስጥ ገብተው ሊናገሩ አይችሉም። ስለዚህ የተሰበሰበው ሕዝብ ሕንጻው ዝቅ ይበል፣ እንግዳ አይብዛብን ቢል፣ በሌለ ሰው ላይ መፍረዱን ማወቅ አለበት። መጽሐፈ ነህምያ ኢየሩሳሌም ስትታደስ የሆነውን ይተርካል፤ ቅጥሩን ብዙዎች እያንዳንዳቸው በቤታቸው አንጻር ሠሩት፤ ከዚያ በኋላ ከተማይቱ ሰፊ፣ ሰዎቿ ጥቂት በሆኑ ጊዜ፣ ከዐሥር ሰው አንዱ መጥቶ በውስጧ ይኖር ዘንድ ሕዝቡ ዕጣ ጣለ፤ ወድደው የመጡትንም ባረኩ። የእኛ ችግር የዚያ ግልባጭ ነው፤ ሰው በዝቶ ቤቱ አንሷል፤ ዕጣውም ለመግባት ሳይሆን ለመጠበቅ የሚወጣ እስኪመስል ድረስ ዘገየ። ዕጣ አድሎ የሌለበት ፈራጅ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮም 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መደረጉ ርትዕ ነበረ። ነገር ግን ዕጣ ማን እንደሚገባ ይወስናል እንጂ ቤቱ የትና እንዴት እንደሚሠራ አይወስንም፤ ይህን የሚወስነው የሰው ምክር ነው፤ በዚያ ምክር ውስጥ የተመዝጋቢው ጥቅም ወንበር ተሰጥቶት፣ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ተሹሞለት መቀመጥ አለበት።

ደግሞም የነዋሪውና የጠባቂው ጥቅም ሰዎች እንደሚያስቡት ያህል የሚጋጭ አይደለም። አንድ ወለል ብቻ ያላቸው ጎጆዎች በተከማቹበት ቦታ ባለ አምስት ወይም ባለ ዐሥር ወለል ሕንጻ ሲነሣ፣ የቀድሞው ነዋሪ በሙሉ ተመልሶ ገብቶ፣ ለአዲስ ገቢ ደግሞ ከቀድሞው የበለጠ ስፍራ ይተርፋል፤ ጥግግት ማለት ይኸው ነው። ታዲያ ነዋሪው ለምን ወደ ከተማው ዳርቻ ይላካል? መልሱ በከተማው መካከል ያለው ቦታ በሊዝ ውድ መሆኑ ነው፤ ቦታው ለሆቴልና ለባንክ፣ ለንግድ ሕንጻም ሲፈለግ፣ ድኻው ርካሽ መሬት ወዳለበት ይወሰዳል። እንግዲህ በቤት እጥረት ስም የፈረሰ ሰፈር ቤት ካልተሠራበት፣ በጠባቂው ስም የቀረበው ክርክር ሁሉ ይወድቃል፤ የአክዓብ አትክልት የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ቤቶቹ ፈርሰው ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ለዓመታት ሣር ያበቀለበትን ሰፈር በከተማችን ያላየ ሰው የለም፤ ከዚያ የተነሣው ሰው በምክክር ስም ለስድስት ወር ቢዘገይ ኖሮ ማን በተጎዳ ነበር? የመሬቱ ዋጋ የተፈጠረውም መቶ ዓመት ሰፈሩን ሰፈር አድርገው በያዙት ሰዎች፣ ገበያውን ባደመቁት፣ ደብሩን በሳሙት፣ መንገዱን በእግራቸው ባቀኑት ጭምር ነው፤ ከትርፉ የመጀመሪያው ድርሻ ለእነርሱና በደጅ ለሚጠብቁት ቢሆን ፍርድ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም።

እናንተ የከተማውን ካርታ የምትሥሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ መስመሩ ሳይሠመር በፊት ወደ ሰፈሩ ውረዱ፤ አንድ ሥዕል ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ሁለት ሦስት አማራጭ ከነዋጋው አምጡ፤ መጀመሪያ ባዶው ጥግ ተሠርቶ ሰው ከቤቱ ወደ ቤቱ በቅርብ የሚሻገርበትን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣበትን መንገድ ፈልጉ፤ ያልተቀበላችሁትንም ሐሳብ ለምን እንዳልተቀበላችሁት በጽሑፍ መልሱ። እናንተም የእድር ዳኞች፣ የደብር አስተዳዳሪዎች፣ የመስጊድ ኢማሞች፣ በየሰፈሩ ሕዝቡን በስሙ የምታውቁት እናንተ ናችሁና፣ የመልሶ ማልማት ወሬ በሰፈራችሁ ሲሰማ ወረዳው እስኪጠራችሁ አትጠብቁ፤ ከግቢ ወደ ግቢ እየዞራችሁ ተከራዩን፣ ደባሉን፣ የሰርቪስ ቤቱን ነዋሪ፣ በረንዳ ላይ የሚያድረውንም ሳይቀር በስሙና በቤተሰቡ ቍጥር መዝግቡ፤ ስብሰባው በተጠራ ቀንም ያንን መዝገብ ይዛችሁ፣ እነርሱንም አስከትላችሁ ግቡ፤ ከእናንተ በፊት እንዲናገሩም ተራችሁን ልቀቁላቸው።